ባዶዋ ቅዳሜ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስንቷን ሙሽራ ቀሚስ ሰፍቼ የራሴ ግን ጫፉ ሳይታጠፍ ሱቄ ውስጥ ተሰቅሎ ቀረ። ጥፋተኛው የእጮኛዬ አባት ናቸው። ጋሼ የታሪክ መምህር ነበሩ፤ ጡረታ የወጡት እሳቸው እንጂ አፋቸው አይደለም። እኔን «መርፌ» ይሉኛል፤ ለሙያዬ ይሁን ለምላሴ ጠይቄያቸው አላውቅም።

እጮኛዬ መርከብ ላይ ሥራ አግኝቶ በወሩ መጨረሻ ይሄዳል፤ የሚመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሳይሄድ ካልተጋባን ቀሚሱን ብል ይበላዋል፣ እኔን ደግሞ ሐሳብ። እናም እሑድ ከምሳ በኋላ ቀን ልንቆርጥ ጋሼ ቤት ተቀመጥን።

«የፊታችን ቅዳሜስ?» አልኩ።

«ኧረ ተይኝ!» አሉ ጋሼ። «ትልቁ መርከብ የሰጠመው በዚያ ቀን አይደል እንዴ? ባልሽ ደግሞ መርከበኛ ሊሆን ነው!»

«እሑዱስ?»

«እሳተ ገሞራ ከተማ ቀብሯል። በሌላ ዓመት፣ በዚያው ቀን፣ አንድ ንጉሥ በጥይት ተመትቷል።»

«ሐሙስ?»

«ድልድይ ተደርምሷል።»

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ በነዚህ ቀኖች ያገባ ሰው የለም?»

«ይኖራል፤ ማን ጻፈው?»

እጮኛዬ ዳቦውን እየቆረሰ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አባቱ ፊት ሲቀመጥ አፉ ይታሰራል።

«እሺ፣ የመጨረሻው ቅዳሜ!» አልኩ። ከመሄዱ በፊት የቀረችን እሷ ብቻ ነበረች።

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት።

«እሰይ!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። «ባዶ ቀን ተገኘች! ይኸው፣ ጋሼም የሚሉት አጡ!»

እጮኛዬ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። «እናቴ ያረፈችው የዚያን ቀን ነው» አለኝ በቀስታ።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! እሷ ስታርፍ እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር፤ እኔ ቀኑን ከየት ልወቀው? «ጋሼ፣ ምላሴን ይቁረጠው! በቃ ይቅር፣ ሁለት ዓመት እጠብቃለሁ» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

ጋሼ ተነስተው ብርጭቋቸውን አጠቡ። የጸዳውን ብርጭቆ ደግመው አጠቡት።

«አንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ አይሸከምም እያልኩ ስንቱን አስተማርኩ» አሉ ጀርባቸውን ሰጥተውን። «ያችን ቀን ግን ለማንም አልሰጥም ብዬ፣ በሬን ዘግቼ ነው የምውለው።» ከዚያ ዞር አሉ። «በይ መርፌ፣ ሂጂና ቀሚስሽን ጨርሺ።»

በዚያችው ቅዳሜ፣ በሠርጉ ዕለት፣ ጋሼ ብርጭቋቸውን ይዘው ሲቆሙ እንግዳው ሁሉ «አለቀልን፣ ከጥንት ሊጀምሩ ነው!» እያለ ተንሾካሾከ።

«ዛሬ በታሪክ» አሉ ጋሼ፤ «ባለቤቴ ከቤቴ ወጣች።» ብርጭቋቸውን ከፍ አደረጉ። «ልጄ ደግሞ ገባች» አሉና እኔን አዩኝ።

መሐረብ አልያዝኩም ነበር። ስንት የደከምኩበትን የቀሚሴን ጫፍ አንስቼ ዓይኔን ጠረግሁበት።