መድፎቹ ዝም ያሉበት ቦታ

እናትየው ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ልጇን በር ላይ የሚቀበላት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው።

«ደወለ?»

«ደወለ፣ እማዬ።»

«ምን አለ?»

ልጅቷ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ታስቀምጥና ጫማዋን እያወለቀች ትፈጥራለች። ባሕሩ ሰላም ነው። ወጥ ቤቱ ጨው ያበዛል። አብሮት የሚተኛው ሰው ያንኮራፋል። የመርከቧ ስልክ የሚያገኘው የእሷን ቢሮ ብቻ ሆነበት እንጂ እናቱን በቀጥታ ቢያናግር እንዴት ደስ ባለው! ይህን ሁሉ ስትናገር ዓይኗ ከጫማዋ ማሰሪያ አይነሳም። እንዴት ይነሳ? የሚደውል ሰው የለም። ወንድሟ፣ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ቅብጡ» እያለ የሚጠራው፣ ሞቷል።

የሞተው እናቱ የልብ ቀዶ ሕክምና ባደረገች ሰሞን ነው። ያን ጊዜ የሚሠራበት መርከብ በባሕር ወለል ላይ የተጋደመውን የእሳተ ገሞራ ሸንተረር ታጠና ነበር። እንዲህ ያለች መርከብ ከኋላዋ የአየር መድፎችና ማለቂያ የሌለው የሚመስል ገመድ ትጎትታለች። መድፎቹ የታመቀ አየር ውሃው ውስጥ ይተኩሳሉ፤ ድምፁ ወደ ታች ይወርድና የባሕሩን ወለል አልፎ ይገባል፤ ከዚያ ከየድንጋዩ ንብርብር እየነጠረ ሲመለስ በገመዱ ላይ የተደረደሩት ማይክሮፎኖች ይቀዱታል። ቅብጡ የመድፎቹ መካኒክ ነበር። አንዱ መድፍ አየር እያፈሰሰ አስቸገረና ሊጠግነው ወደ መርከቧ ጭራ ወረደ፤ ማዕበል መጣ፤ ወሰደው። ሬሳው እንኳ አልተገኘም።

እህቱ ደግሞ የዚያው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት፤ በየብስ ተቀምጣ ከባሕር የመጣውን ማሚቶ ወደ ሥዕል ትለውጣለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። እሱ ሲስቅ ጎረቤት ይሰማል፤ እሷ ሳቋ ሲመጣ አፏን በእጇ ትከድናለች። እሱ ያገኘውን ሁሉ ይነካካል፣ ይሰብራል፤ እሷ ተከትላ ትጠግናለች። በልጅነታቸውም እንዲሁ ነበሩ።

በሥራዋ የተመሰገነችበት ነገር አንድ ነው፤ ክፍት ቦታ መሙላት። መርከቧ አጠገብ ዓሣ ነባሪ ብቅ ካለ እንስሳው እንዳይጎዳ መድፎቹ ዝም ይላሉ፤ ያ ዝምታ ሥዕሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እሷ ታዲያ በግራ ያለውን ታያለች፣ በቀኝ ያለውን ታያለች፣ መሃሉ ምን ሊሆን እንደሚችል በሒሳብ ገምታ ትሞላዋለች። ስትጨርስ የተሞላው የቱ እንደሆነ እሷ ራሷ ካልተናገረች ማንም አይለየውም።

የመርዶው ቀን አክስቷ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ክንዷን ጨምድዳ ይዛ፣ «ልቧ አይችለውም፤ እስክትጠነክር ዝም በይ» አለቻት። ሐኪሙም አልተቃወመም። ልጅቷ ዝም አላለችም፤ የባሰ ነገር አደረገች። ወንድሟ ያላቸውን ነገሮች አስታውሳ፣ ሊላቸው የሚችላቸውን ገምታ፣ ክፍቱን ሞላችው። አንድ አባባሉን ብቻ ትታዋለች።

አልቅሳም አታውቅም። ካለቀሰች ዓይኗ ያብጣል፣ ዓይኗ ካበጠ እማዬ ታውቃለች። ስለዚህ ወራት ሙሉ እንባዋን እየዋጠች ኖረች። እንባ ሲዋጥ የትም አይሄድም፤ እዚያው ደረት ላይ ይከመራል።

አንድ ቀን ጠዋት አለቃዋ፣ መነጽሩ ሁልጊዜ ግንባሩ ላይ የሚሰቀል ደግ ሽማግሌ፣ ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ ቅብጡ የሞተ ዕለት መርከቧ የለካችው መስመር ነበር። የሸንተረሩ ጫፍ፣ ከሥሩ የቀለጠው ድንጋይ ጣሪያ እንደ ደማቅ ክር ተዘርግቶ፣ ልክ መሃሉ ላይ ደግሞ ነጭ።

«ባዶው ቦታ የሥዕሉ እምብርት ላይ ወደቀብን» አለ ቀስ ብሎ። «ጥናቱን ያዘዙት እንግዶች ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ከከበደሽ ለሌላ ሰው ልስጠው።»

«አይ፣ እኔው እሠራዋለሁ። ለማንም አይስጡት።»

ሠራችው። የእጇን ሙያ ሳትሰስት ሠራችው። ከሰዓት በኋላ ደማቁ ክር ከግራ ወደ ቀኝ ሳይበጠስ አለፈ። አለቃዋ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አየና፣ «እጅሽ ይባረክ! አሁን ይሄ ተሞልቷል ቢባል ማን ያምናል?» አላት። እውነቱን ነው፤ ማንም አያምንም። ያን ዕለት መድፎቹ ለአፍታ እንኳ ዝም ያላሉ፣ ማንም ሰው ውሃ ውስጥ ያልወደቀ ይመስላል። ልጅቷ መታጠቢያ ቤት ገብታ የቧንቧውን ውሃ ከፈተችና እስኪበርዳት እጇን ሥሩ አቆመች። ከዚያ ተመልሳ ያልተሞላውን፣ የመጀመሪያውን ሥዕል አተመች፤ ጠቅልላ በብብቷ ያዘችና ወደ ቤቷ ሄደች።

እናትየው መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የትራስ ልብስ ትጠግናለች።

«ደወለ?»

«ደወለ። መድኃኒትሽን ሰዓቱን ጠብቀሽ እንድትወስጂ አደራ ብሏል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ… ናፍቃችሁኛል ብሏል።»

እናትየው መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ቀና አለች። «ቅብጡ? ናፍቃችሁኛል አለ?»

«አዎ።»

«ነይ እዚህ። ተቀመጪ።» ልጅቷ ተቀመጠች። «ያ ልጅ ስልክ ሲደውል መጀመሪያ ምን ነበር የሚለኝ?»

«እማዬ፣ ደክሞኛል…»

«በይው እስቲ።»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። እናትየው ራሷ አለችው፤ ድምፁን አስመስላ፣ አገጯን ወደ ላይ አንስታ፣ «እማ፣ አለሽ ወይስ ልውረስሽ?»

ይህችው ነበረች ያቺ የተተወች አባባል። ቅብጡ ከጉርምስናው ጀምሮ ሳይላት ቀርቶ አያውቅም። እናቱም፣ «አለሁ! ማሰሮዬን እንኳ አትወርሳትም!» ብላ ትጮህበታለች፣ ከዚያ ሁለቱም እስኪደክማቸው ይስቃሉ።

«ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አላላትም» አለች እናትየው። «መጀመሪያ ታምሜ ስለሆነ አፈረ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ሳስበው፣ እሱና እፍረት የት ይተዋወቃሉ? ጨው በዛ ይላል፣ መድኃኒት ውሰጂ ይላል፣ ናፍቃችሁኛል ይላል… ልጄ፣ አንድ ጨዋ ልጅ ነው የሚደውልልኝ። እኔ ጨዋ ልጅ አልወለድኩም።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! በየቀኑ «ደወለ?» የምትለዋ፣ በየቀኑ «ሰላም በይው» ብላ የምትልካት እናት ታውቅ ኖሯል።

«እያወቅሽ… ለምን ትጠይቂኛለሽ ታዲያ?»

«ከበሩ ስትገቢ ፊትሽ የሬሳ ፊት ነው። ስለ እሱ ስታወሪ ብቻ ነበር ትንሽ የሚበራው። እሷን ታህል ልንጠቅሽ?» እናትየው የልጇን እጅ ሳበችና ሁለቱ እጆቿ መሃል አደረገችው። «እኔ ማታ ማታ ትራሴን ነክሼ አልቅሼዋለሁ። ያላለቀስሽው አንቺ ነሽ። በቃን አሁን። በአፍሽ ንገሪኝ።»

«አልችልም።»

«ትችያለሽ። ሌላ ሰው እንዲያረዳኝ አልፈልግም።»

ልጅቷ ያቺን ቃል ለሰው ተናግራት አታውቅም። ለአክስቷም፣ ለአለቃዋም፣ ለራሷም። ሌሎች ሲሏት ጭንቅላቷን ነቅንቃ ታልፋለች።

«ሞቷል» አለች። «እማዬ፣ ቅብጡ ሞቷል። ማዕበል ወሰደው።»

ከዚያ የተከመረው ሁሉ ተናደ። እናቷ ጭን ላይ ተደፍታ፣ አፏን ሳትከድን፣ እንደ ሕፃን ጮኻ አለቀሰች። እናትየው አንድ እጇን ደረቷ ላይ፣ የቀዶው ጠባሳ ላይ ጫነች፤ በሌላው የልጇን ፀጉር ትዳብሳለች። እንባዋ አገጯ ላይ እየደረሰ ይንጠባጠባል፤ አልጠረገችውም። የተፈራላት ልብ ቻለችው። ምን አማራጭ አላት?

ለቅሶው ሲበርድላቸው እናትየው፣ «የት ነው?» አለች።

«አላገኙትም፣ እማዬ።»

«ገባኝ። ቦታውን ነው የምልሽ።»

ልጅቷ በር ሥር የጣለችውን ጥቅል አንስታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ጫፉ እንዳይጠቀለል የመድኃኒት ጠርሙስ ጫነችበት። ሸንተረሩን በጣቷ አሳየቻት፤ ይሄ የባሕሩ ወለል፣ ይሄ የቀዘቀዘው ድንጋይ፣ ይሄ ደማቁ ከሥሩ ገና ያልቀዘቀዘው። እናትየው ጎንበስ ብላ ተከተለቻት። ነጩ ጋ ሲደርሱ የልጅቷ ጣት ቆመ።

«ይሄስ ባዶው?»

«እሱ ሲወድቅ መድፎቹ ዝም አሉ። መርከቧ ያን ሁሉ ገመድ እየጎተተች ቶሎ መዞር አትችልም፤ በትንሽ ጀልባ ተመልሰው እስኪመሽ ፈለጉት። እዚህ ጋ የተቀዳ ነገር የለም።» ቀጥላም፣ «ዛሬ ሞልቼው ነበር። አምሮ ነበር» አለች።

«ምን ብለሽ ሞላሽው?»

«ግራና ቀኙን አይቼ።»

እናትየው ራሷን ነቀነቀች። «አትሙይው፣ ልጄ። ይተዉልኝ።»

«ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። የሞላሁትን አጠፋዋለሁ።»

እናትየው የስፌት መርፌ ያደነደነውን እጇን ዘርግታ መዳፏን ነጩ ቦታ ላይ አሳረፈች። ቦታው ጠባብ ነው፤ መዳፏ ሙሉ በሙሉ ሸፈነው። ሕፃን ልጅ አልጋ ላይ የተኛ ይመስል ቀስ ብላ ጎንበስ አለች።

«አለሁ» አለችው። «አለሁ፣ ቅብጤ።»