የቦረና የኅዳር ዝናብ

ዑቕባዝጊ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ የአየር ንብረት ሞዴሎችን የሚፈትነው ሶፍትዌር ኃላፊ ነው። ሶፍትዌሩ ሞዴሉ ይዘንባል ያለውን በየጣቢያው ከተለካው ዝናብ ጋር ዓመት በዓመት እያስተያየ ነጥብ ይሰጣል። ሰውየው አዋቂ ነው፤ ክፋቱ አዋቂነቱን ሰው ላይ መሞከር ይወዳል።

ባለፈው ሐሙስ በዳሳ በሚባል ወጣት ባለሙያ ላይ ሞከረው። ወጣቱ ለቦረና የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ብሎ ሁለት ዓመት የለፋበት ሞዴል ከተወዳደሩት ሁሉ መጨረሻ ወጣ።

«ከዚህስ ጠንቋይ ብንጠይቅ ይሻለን ነበር» አለ ዑቕባዝጊ በስብሰባው መሀል። ሰው ሁሉ ሳቀ። በዳሳ አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ፣ ጊዜያችሁን አባከንኩ» አለና ሞዴሉን ከውድድሩ አወጣ።

እሁድ ሳሊተ ምሕረት ቤታቸው ተቀምጠው ሳሉ ሚስቱ ንግሥቲ የሠርጋቸውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ልትለጥፍ ፈለገች።

«ኅዳር 2007 በፈረንጆች ስንት ነው?»

«ስምንት ደምሪበት። 2015።»

«አንተ ሰውዬ! ኅዳር ላይ ሰባት አይደል እንዴ የሚደመረው? 2014 ነው። ሠርግህንም ረሳኸው?»

ንግሥቲ ሳቀች። እሱ ግን የቢሮው ፈተና ትዝ አለው። ከቦረና ጣቢያዎች የመጣው መረጃ በእኛ አቆጣጠር ነበር፤ ወደ ፈረንጆቹ የቀየረው ራሱ ነው፣ ለሁሉም ወር ስምንት እየደመረ። ሶፍትዌሩ ሞዴሎቹን የለካቸው ከሌላ ዓመት ኅዳር ጋር ነው። በትክክል የተነበየው ሞዴል ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የተሳሳተ መስሎ ይታያል።

ሰኞ ጠዋት ዓመቶቹን አስተካክሎ ፈተናውን ደገመው። የበዳሳ ሞዴል አንደኛ ወጣ። ዑቕባዝጊ ጆሮው እስኪግል አፈረ። ለሁሉም «ስሕተቱ የእኔ ነበር» ብሎ ጻፈና አጠፋው። እንደገና ጻፈ፤ አሁንም አጠፋው። በመጨረሻ የላከው «መረጃው በመስተካከሉ ውጤቱ ተቀይሯል» የሚል ነበር። ማን እንዳበላሸው አይናገርም። እንዲህ ያለ ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር በየቢሮው ሞልቷል።

በዳሳ እየሮጠ መጣ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ጋሽ ዑቕባዝጊ፣ ጌታ ይባርክዎት! ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር፤ እርስዎ ግን እንደገና አዩልኝ። እኔ ደግሞ ሐሙስ ዕለት በልቤ ተቀይሜዎት ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

መናገር ያለበት አሁን ነበር። ሐሙስ የሳቁት ሁሉ ከየጠረጴዛቸው ቀና ብለው ያያሉ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለው።