የመጀመሪያዋ ላም

ከዲመካ ገበያ ከብት እየገዛሁ ጂንካ አምጥቼ አደልባለሁ። ልጄን ያሳደግኩት በዚሁ ነው። ስለዚህ ዶክተር ዘሩባቤል ኬሞው ጡቴ ላይ ያለውን ካንሰር መግደል አቃተው ሲለኝ ብዙም አልደነቀኝም። ከብትም እንደዚሁ ነው። የቆላ ዝንብ ላሟን ገንዲ የሚባል የሚያመነምን በሽታ ያሲዛታል፤ ትወጊያታለሽ፤ ትድናለች። ዓመታት ካለፉ በኋላ ያው መርፌ ውሃ ይሆናል። በሽታው ለምዶታል።

ያስፈራኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ዶክተሩ በየወሩ ከአዲስ አበባ እየመጣ ጂንካ ላይ የሚያየን ሰው ነው። ካንሰሩ የገባበትን መድኃኒት እንደ ፓምፕ መልሶ እንደሚተፋው፣ ያን ፓምፕ የሚያሠራ ጂን የሚሉት የዘር መመሪያ ካንሰሩ ውስጥ እንዳለ ነገረኝ። አሁን የሚሞከረው መድኃኒት ጂኑን ዝም ያሰኘዋል፤ ያኔ ኬሞው እዚያው ይቀርና ሥራውን ይሠራል። መድኃኒቱ ደም ውስጥ እንዳይበላሽ በስብ ይጠቀለላል። ናኖ ይሉታል፤ ዓይን የማያየው ደቃቅ ነገር ነው።

የማይታይ ነገር መንገዱን በምን ያውቃል አልኩት። ሁሉም እንደማይደርስ፣ ብዙው ጉበት ላይ እንደሚቀር አልደበቀኝም። ጉበቴንስ ዝም ቢያሰኘው? እሱን ነው ደምዎን እየወሰድን የምናየው አለኝ። ፈረንጅ አገር ጥቂት ሰዎች ወስደውታል፤ እዚህ ግን የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።

የመጀመሪያ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ አዲስ የገንዲ መድኃኒት ሲመጣ ቦራ የምትባለውን ከሲታ ላሜን ከበረት ለይቼ አሰርኳት። ብትሞትም የማትቆጨኝ እሷ ነበረች። ወግቻት ገበያ ሄድኩ። ስመለስ ሞታለች። ሌሎቹን መጠኑን ቀንሰን ወጋናቸው፤ ዳኑ።

"ዶክተር፣" አልኩት፣ "የማትቆጫችሁ ላም እኔ ነኝ?"

አብራኝ የመጣችው ልጄ ሮዳስ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሰውየው ግን አልሳቀም።

"ወይዘሮ አስቻለች፣ የተመረጡት ሌላው መድኃኒት ሁሉ እርስዎ ላይ መሥራት ስላቆመ ነው። አንድ ነገር ቢሆኑ ግን እኔን ይቆጨኛል።"

"እንግዲያው ወግተኸኝ ገበያ እንዳትሄድ።"

ሮዳስ ዶክተሩን የዲመካ ደላላ አደረግሽው ብላ እስከ ቤት አኮረፈችኝ። ታኩርፋ። እኔ ሌላ ነገር ይዞኛል። እምቢ ብል መጨረሻዬን አውቀዋለሁ። እሺ ብል የሚመጣውን ማንም አያውቅም፤ እሱም አያውቅም። የማላውቀውን መረጥኩ።

አዲስ አበባ ሆስፒታሉ ስገባ መድኃኒቱን ካላየሁ አልተኛም ብዬ አስቸገርኳቸው። ከረጢቱን አሳዩኝ። ውሃ የበዛበት ወተት ይመስላል። አፍጥጬ አየሁት፤ ደቃቅ ነገር የሚባል አይታይም። ነርሷ ቱቦውን ከፈተች። ቅዝቃዜው በክንዴ ወደ ላይ ሲወጣ ተሰማኝ። ቦራ መርፌው ሲገባባት አንገቷን አዙራ አይታኝ ነበር። እኔም ዞር አልኩ።

ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ያያል።

"ምን ይሰማዎታል?" አለኝ።

"ፈርቻለሁ።"

ስልኩን ኪሱ ከተተና ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።