እስክነሳ ያዥልኝ

አክስትየዋ ሕፃኗን አልቀበልም አለች። አዋላጇ በፎጣ ጠቅልላ ብትዘረጋላት፣ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች።

«ለእናቷ ስጧት።»

«እናቷ ገና አልጨረሰችም እኮ እማማ። የእንግዴ ልጁ አልወጣም። ለትንሽ ጊዜ ይያዙልኝ።»

ይህን «ያዥልኝ» የሚሉትን ነገር አክስትየዋ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። አሁን አልጋው ላይ የተኛችው ልጅ የተወለደች ቀን፣ እናቷን ይኸው የእንግዴ ልጅ እምቢ አላት። «እህቴ፣ እስክነሳ ያዥልኝ» ብላ ሕፃኗን ሰጠቻት። አልተነሳችም። አክስትየዋ ሳትወልድ እናት ሆና ቀረች። ልጅቱን በማሳደጓ አንድ ቀን ተጸጽታ አታውቅም፤ አስተምራ፣ ድራ ለወግ ለማዕረግ አብቅታታለች። ግን የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነውና ያው ቃል ዛሬ ተመልሶ መጣ። ይህችንም ከተቀበለች እናትየው የምትሄድባት መሰላት። ሞኝነት ነው ትሉ ይሆናል። እስቲ በእሷ ቦታ ቁሙ።

አዋላጇ ሕፃኗን እናቷ ደረት ላይ አስተኛቻት።

ሐኪሙ መጥቶ መረመረ። የማህፀኗ አፍ ጭምቅ ብሎ ተዘግቷል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ማህፀንም ይጨመርበት» አለ። ከዚያ ቀልዱን ተወ። «ደም ብዙ አልፈሰሳትም። ጡንቻውን የሚያፍታታ ክኒን ምላሷ ስር እናድርግ። እምቢ ካለ ቀዶ ጥገና ክፍል እንወስዳታለን።»

ልጅቱ ግን ጥርሷን ገጥማ አፏን አልከፍት አለች። ማን አስተማራት? ያቺው አክስቷ ናታ። ስትወድቅ፣ ስትታመም፣ ዛሬ ጠዋት ምጡ ሲይዛትም «ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይው» ስትላት ነው የኖረችው።

አክስትየዋ ውሃ ይዛ ቀረበች።

«ይተዉት እማማ፣ አይዋጥም፤ እዚያው ነው የሚቀልጠው» አለች አዋላጇ።

አክስትየዋ ብርጭቆውን አስቀምጣ የልጅቱን ጉንጭ ዳሰሰች። «የኔ ልጅ፣ ያስተማርኩሽ ለዛሬ አይሆንም። አትቻይው። ልቀቂው።»

«እንደ እማዬ ብሆንስ፣ እቴቴ?» አለች በጥርሷ መሃል።

አክስትየዋ ልትዋሻት አሰበችና አንጀቷ እምቢ አላት። «እኔም ፈርቻለሁ። ግን ለእሷ ይህን የሚሰጣት ሰው አልነበረም፤ ላንቺ አለ። ፈርተሽም ቢሆን አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈተች። ክኒኑ ቀለጠ። መድኃኒቱ ራሷን ወቀራት፣ ፊቷ ቀላ። አንዲት ነርስ ከደም ግፊት መለኪያው ዓይኗን አልነቀለችም። አዋላጇ አንድ እጇን የልጅቱ ሆድ ላይ አድርጋ በሌላው እትብቱን ቀስ እያለች ሳበች።

«መጣ» አለች አዋላጇ። ገልብጣ አየችው። «ሙሉ ነው፤ የቀረ የለም።»

ወዲያው ማህፀኑ ተመልሶ እንዲኮማተር ሌላ መድኃኒት በመርፌ ሰጧት።

«ቅድም ልቀቂ አላችኋት፣ አሁን ደግሞ ያዢ። ምናለ አንዱን ብትወስኑ?» አለች አክስትየዋ። ሳቁ።

በኋላ አዋላጇ እናትየውን ልታጣጥባት መጣች። ልጅቱ ሕፃኗን ከደረቷ አንስታ አክስቷን አየቻት።

«እቴቴ፣ እስክነሳ ያዥልኝ።»

የአክስትየዋ እጆች ቀስ ብለው ተዘረጉ። ተቀበለች። ውሃው ሲንቧቧ፣ ፎጣው ሲራገፍ እያዳመጠች፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትቀመጥ ጠበቀች።

ልጅቱ ልብሷን ቀይራ አልጋው ላይ ቀና አለች። እጇን ዘረጋች።

«በቃ፣ አምጪልኝ።»

መለሰችላት። እንዲህ ባዶ እጇን ስትቀር ደስ ብሏት አያውቅም።