ልጄን ማን ነው ብላችሁ አትጠይቋት

ፀደይ በስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ዲግሪዋ የምታጠናው የጠንቋይ ፍርሃትን ታሪክ ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ከእንግሊዝ ተሰደው አሜሪካ የሰፈሩ፣ ፒዩሪታን የሚባሉ ክርስቲያኖች ነበሩ። ጸሎተኞች፣ ሥራ ወዳዶች፣ መጽሐፍ አንባቢዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በድንገት ተነሥተው የገዛ ጎረቤቶቻቸውን ጠንቋይ ናችሁ እያሉ ለስቅላት ያበቁት ለምንድን ነው? ፀደይ ከአገሯ ወጥታ ስትማር የኖረችበትን ዘመን ሁሉ የበላባት ይህ ጥያቄ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሶደርማልም በሚባለው የስቶክሆልም ሰፈር ካፌ ውስጥ ተቀምጣ ነገሩን ለጓደኛዋ ለተጂቱ አጫወተቻት። ተጂቱ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ሁለቱም በየእሑዱ የሚያመልኩት በከተማው ዳርቻ ሻርሆልመን በሚባል ሰፈር ባለች አንዲት የኢትዮጵያውያን ወንጌላዊት ኅብረት ነው።

«ታዲያ ምክንያቱ ምን ነበር ይላሉ?» አለች ተጂቱ።

«አንዱ የሻገተ አጃ በልተው ነው ያበዱት ይላል። ሌላው የድንበር ጠብ ነው ይላል። ጦርነት አጠገባቸው ነበር፤ መንደራቸው በሸሸ ሰው ተሞልቷል። ሰባኪዎቹም ዲያብሎስን በየጥጉ ያዩት ነበር። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ሳይኖረው አይቀርም።»

«አንቺስ?»

«እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ነገሩ የጀመረው ድንገት እየወደቁ በሚንፈራገጡ ልጃገረዶች ነው፤ እነሱ መጀመሪያ የማንንም ስም አልጠሩም። ‹ማን ነው የሚያሠቃያችሁ?› እያሉ የጠየቋቸው ትልልቆቹ ናቸው። እዚሁ ሶደርማልምም እኮ በዚያው ዘመን በልጆች ምስክርነት ሴቶች ተገድለዋል።»

ተጂቱን ዘገነናትና ወሬውን ቀየረች።

በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1998፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተነሣ። ኅብረቷ ውስጥ የሁለቱም አገር ሰዎች ለዓመታት አብረው ዘምረዋል፣ ልጅ ሲወለድ አብረው አራስ ጠይቀዋል። አሁን ግን ከአምልኮ በኋላ ሰው በየወገኑ ጥግ ይዞ መንሾካሾክ ጀመረ። የኤርትራውያኑ ቤተሰቦች አንድ በአንድ ቀሩ። የኅብረቷ መሪ ፓስተር ሽፈራው የታናሽ ወንድሙ ድምፅ ከግንባር ጠፍቶበት፣ እንቅልፍ አጥቶ ከርሟል። ስብከቱ ሁሉ ስለ ጠላት፣ በመካከላችን ስለ ገባው ጠላት ሆነ።

ከኅብረቷ ሳይለዩ ከቆዩት መካከል አንዷ እማማ ባዩሽ ነበሩ። አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ ኤርትራዊ ባላቸውን እዚሁ ስቶክሆልም የቀበሩ፣ ልጅ ያልወለዱ አሮጊት ናቸው። ስዊድኖች ቡለ የሚሉትን የቀረፋ ዳቦ በየእሑዱ ጋግረው እያመጡ ለመዘምራን ልጆች ያድሉ ነበር።

የተጂቱ ልጅ ፌበን ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አንድ እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ቆማ ስትዘምር ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ ጣቶቿ ተኮማተሩ፤ መድረኩ ላይ ወደቀች። ሐኪም መረመራትና ምንም በሽታ አጣ። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ሌሎች ሁለት ልጆች በዚያው ዓይነት ወደቁ።

ወሬው ከየት እንደተነሣ ማንም አያውቅም። «የወደቁት ሁሉ የእማማ ባዩሽን ዳቦ የበሉ ናቸው» ተባለ። ዳቦውን ያልበላ ልጅ እንደሌለ ያስታወሰ አልነበረም። «ባላቸውም የሞተው በድንገት ነው» አለ ሌላው። እናቶች ልጆቻቸውን ከእማማ ባዩሽ አጠገብ እየጎተቱ ያነሡ ጀመር።

ፀደይ ፓስተሩን ለብቻው አግኝታ ለመነችው። «ፓስተር፣ ይህ ነገር ወዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ። እባክዎ ያብርዱት።»

«እህት ፀደይ፣ ያንቺ መጻሕፍት ሥጋን እንጂ መንፈስን አያውቁም» አላት፤ በክፋት ሳይሆን፣ በደከመ ድምፅ።

ከዚያ ወደ ተጂቱ ቤት ሄደች። ተጂቱ በሩን ስትከፍትላት ዐይኗ አብጦ ነበር።

«የእማማ ባዩሽን ዳቦ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት» አለቻት።

«አንቺም፣ ተጂቱ?»

«ልጄ እኮ ናት! ላቦራቶሪው ምንም አላገኘም። ታዲያ ምን ልመን?»

ፀደይ ያነበበችው ያ ሁሉ ነገር ለአንዲት የፈራች እናት የሚሆን አንድ ዐረፍተ ነገር አልሰጣትም።

በተከታዩ እሑድ ፓስተር ሽፈራው ልዩ ጸሎት ጠራ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እማማ ባዩሽ በነጠላቸው ተሸፍነው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ግራና ቀኛቸው ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ፌበን ወደ ፊት ተጠራች። ፓስተሩ እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ጸለየና ጎንበስ ብሎ፣

«አትፍሪ፣ የኔ ልጅ። ይህን ያደረገብሽ ማን ነው? ንገሪን» አላት።

ፌበን አንገቷን ቀና አድርጋ ሰዉን አየች። ሰዉ ደግሞ ዘወር ብሎ ኋላ ወንበሩን አየ። ልጅቷም ሁሉ ወደሚያይበት ዐይኗን ሰደደች፤ ከንፈሯም ተከፈተ።

«አይሆንም!» አለች ተጂቱ።

ብድግ ብላ ቆማ ነበር። ፀደይ አጠገቧ ተቀምጣለች።

«ልጄን ማን ነው ብላችሁ አትጠይቋት። ከጠየቃችኋት ትመልስላችኋለች። ታዛዥ ልጅ ናት፤ ልትሰሙ የምትፈልጉትን ትነግራችኋለች። ከዚያ በኋላ ያን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ትሸከመዋለች።»

«እህት ተጂቱ፣ ክፉው ካልተገለጠ ልጅሽ አትድንም» አለ ፓስተሩ።

«እንግዲያው ሳትድን ወደ ቤቴ እወስዳታለሁ።»

ወደ ፊት ሄዳ የልጇን እጅ ያዘች። ሁሉም በበሩ ትወጣለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ ወደ ኋላ ወንበር ሄደች። ፌበንን እማማ ባዩሽ አጠገብ አስቀመጠቻትና ራሷ በሌላው ጎን ተቀመጠች።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዳቦዎን ጥዬዋለሁ» አለች፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

አሮጊቷ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። «እኔም ልጅ ቢኖረኝ እጥለው ይሆናል» አሏት፤ የፌበንንም ጣቶች በመዳፋቸው ውስጥ ያሙቋቸው ጀመር።

ፀደይም ተነሥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ፓስተር ሽፈራው መድረኩ ላይ ቆሞ አያቸው። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሱን አጠፈና «ወደየቤታችን እንሂድ፤ ልጆቹም ይረፉ» አለ።

ፌበን ቤት ስትደርስ እንደ ልማዷ በስዊድንኛ ተናገረች። ያነሣችው የሐዋዝን ነገር ነበር። ሐዋዝ ከመዘምራኑ መካከል ሁልጊዜ ከጎኗ የምትቆም ኤርትራዊት ጓደኛዋ ናት። ቤተሰቧ ከኅብረቷ ሲቀር ተጂቱ ራሷ «አሁን ስልክ አትደውይላት» ብላት ነበር።

«የሐዋዝ ቦታ ባዶ ነው። እሱን ሳይ ትንፋሼ ያልቅብኛል» አለች ልጅቷ።

ተጂቱ ወዲያው ለሐዋዝ እናት ደወለች። ሴትዮዋ ስልኩን ዘጋችባት። በማግሥቱም ደወለች፤ ዘጋችባት። በሦስተኛው ግን ሁለቱ እናቶች ተላቀሱ። ልጆቹ እንደገና መገናኘት ሲጀምሩ ፌበን መውደቋን ተወች፤ ወድቀው የነበሩት ሌሎቹ ሁለት ልጆችም ተከትለዋት ተዉ።

ሁሉም ነገር ግን አልተጠገነም። አንዳንድ ቤተሰቦች የኅብረቷ መንፈሳዊ እሳት ጠፍቷል ብለው ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እማማ ባዩሽም ከዚያ እሑድ በኋላ ቀሩ፤ ክረምቱ አልፎ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ አልተመለሱም። ፓስተር ሽፈራው ግን ቤታቸው እየሄደ፣ መጀመሪያ በር ላይ ቆሞ፣ በኋላ ገብቶ ተቀምጦ ይቅርታ ጠየቃቸው። ስለ ወንድሙ ያለቀሰውም እሳቸው ዘንድ ነው ይባላል።

ፀደይ አንድ ቀን ተጂቱን ጠየቀቻት። «ያን ዕለት እማማ ባዩሽ ንጹሕ እንደሆኑ እርግጠኛ ነበርሽ?»

«ኧረ አልነበርኩም! አጠገባቸው ስቀመጥ ልቤ ሊወጣ ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ቻልሽ?»

«እንጃ። የልጄ አፍ ሲከፈት አየሁ፤ ቃሉ ከመውጣቱ በፊት መድረስ ነበረብኝ» አለችና ወደ ሥራዋ ሮጠች።

ፀደይ የምርምሯን አቅጣጫ ቀየረች። ፍርሃቱ የነደደባቸውን መንደሮች ትታ፣ ተጭሮ ሳይቀጣጠል የቀረባቸውን መፈለግ ጀመረች። አማካሪዋ ፕሮፌሰር «ያልሆነ ነገር እንዴት ይጠናል?» ብለው ተከራከሯት።

«ያልሆነው እንዲያው አልቀረም» አለቻቸው፤ «ያስቀረው ሰው አለ።»