የአቶ ጠና ሦስት ደቂቃ

እናንተ ስንት ጊዜ ነው ያላያችሁትን ነገር «አይቼዋለሁ» ብላችሁ የፈረማችሁት? ዓለሚቱ አርባ ጊዜ ፈርማለች።

ዓለሚቱ ሆሳዕና ውስጥ ሒሳብ ታስተምራለች። ኢንተርኔት ለማይደርሳቸው ትምህርት ቤቶች አርባ የቪዲዮ ትምህርት እንድታዘጋጅ ስትታዘዝ፣ የኮምፒውተሩን ስክሪን ከድምፅ ጋር የሚቀዳ ነፃ ሶፍትዌር መረጠች፤ አሮጌውን ላፕቶፕም አልከበደውም። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ጠና ግን ሌላ ወደዱ።

«ነፃ ነገር ምን ይረባል? ይኸኛው መልኩም ያምራል።»

«እሱ እኮ የሙከራ ነው፣ አቶ ጠና። ካልተከፈለበት ሙሉ አይሠራም።»

«እንሞክረዋ።»

ለሙከራ የተቀዳው የአቶ ጠና የራሳቸው መልእክት ነበር፤ ሦስት ደቂቃ። ጥርት ብሎ ወጣ። ሥራውን የሚከታተለው ኮሚቴ አጨበጨበ። ሦስት ደቂቃ የሰማ ኮሚቴ ስለ ሠላሳ ደቂቃ ትምህርት ወሰነ፤ ያፈረም የለም። ዓለሚቱ በየትምህርቱ መጀመሪያ መልእክቱን እያሰማች፣ አስከትላ እያስተማረች፣ ሁሉንም በአንድ ላይ እንድትቀዳ ቃለ ጉባኤ ተያዘ።

ቀዳች። እያንዳንዱን ቪዲዮ ከፍታ የአቶ ጠና ድምፅ መሰማቱን አረጋገጠች፤ ዘጋችው፤ በማረጋገጫ ቅጹ ላይ «ታይቷል» ብላ ፈረመች።

ከሁለት ወር በኋላ ቪዲዮዎቹ ከተላኩላቸው ትምህርት ቤቶች አንዱን ለማየት ፎንቆ ሄደች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ተፋፍገው ተቀምጠው፣ ስክሪኑ ላይ የማውስ ቀስት ወዲያ ወዲህ ሲል በዝምታ ያያሉ። ያ ሶፍትዌር ሳይከፈልበት በየቪዲዮው ድምፅ የሚቀዳው የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ብቻ ኖሯል። ሦስቱን አቶ ጠና በልተውታል።

«ለምን አልነገራችሁንም?» አለች።

«ስፒከራችን የተበላሸ መስሎን ነው፣ ቲቸር» አለች ፊት የተቀመጠችው ሃቢባ። «የኃላፊውን መልእክት ግን በቃላችን ይዘነዋል። ‹ውድ ተማሪዎቻችን፣ የነገ አገር ተረካቢዎች…›»

ክፍሉ ሳቀ። ዓለሚቱ አልሳቀችም፤ አልተናደደችምም። ለፈተናው ዘጠኝ ሳምንት ቀርቷል። ሚኒባሱ ውስጥም፣ ቤቷ ገብታም፣ ምንም አልተሰማትም።

አርብ ዕለት የግምገማ ስብሰባ ነበር። አቶ ጠና «የቪዲዮ ትምህርት፣ መቶ ፐርሰንት ተከናውኗል» ብለው አነበቡ። ዓለሚቱ እጇን አወጣች። ፎንቆ ያየችውን ከራሷ ፊርማ ጀምራ አንድ በአንድ ተናገረች። አዳራሹ ጫማ ጫማውን ማየት ያዘ።

«ይኼ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፣ መምህርት» አሉ አቶ ጠና። «ቢሮ ብቅ በይና እንነጋገራለን።»

እሷ አልተቀመጠችም። ድምፅዋም ከፍ አላለም።

«ቢሮ አልመጣም። እኔ ሳላይ ፈርሜያለሁ፤ ይኸው በሰው ፊት አመንኩ። እርስዎም ማይኩን እንደያዙ፣ እዚሁ በሰው ፊት ይመልሱልኝ፤ አርባዎቹ ትምህርቶች ከፈተናው በፊት እንደገና ይቀዳሉ ወይስ አይቀዱም?»