እማማ ሺኖ እንግዳ የተቀበሉ ቀን

የእማማ ሺኖ ግራ እጅ፣ ከታመሙ ወዲህ እንደ ቡጢ ተጨብጦ ቀርቷል። በጉልበት ልክፈተው ብል ያማቸዋል፤ ካልታጠበ ደግሞ መዳፋቸው ይቆስላል። መድኃኒቱ የእኔ ውሸት ነው። ሲስቁ ጣቶቻቸው ይላላሉ። ስለዚህ በየቀኑ ቤታቸው እየሄድኩ ሳጥባቸው እዋሻለሁ።

«በረዶው እንዴት ነው ዛሬ?» ይሉኛል ከአልጋቸው።

«አይጠይቁኝ እማማ! ፖስተኛው በበረዶው ተውጦ ቆቡ ብቻ ነው የሚሄደው። ደህና አደርክ ስለው፣ ቆቡ ብድግ ብሎ እጅ ነሳኝ!»

«ሰውየውስ?»

«ከሥር ብስክሌቱን እየነዳ ነዋ!»

«አንቺ ቀጣፊ! ምላስሽ ይቆረጥ!» ይስቃሉ፤ እጁም ይከፈታል።

ታዲያ አንድ ቀን፣ የእኔን ደሞዝ ከሚከፍለው ማዘጋጃ ቤት፣ ምን ያህል እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው የሚያይ ገምጋሚ ይመጣል ተባለ። ደህና ናቸው ካለ የእኔ መምጣት በሳምንት አንዴ ይሆናል። ልጃቸው ያለው ቶኪዮ ነው፤ ድምፁ የሚሰማው ለአዲስ ዓመት ብቻ።

«እማማ፣ ዛሬ እንዳይኮሩ። ይተኙ፣ ያቃስቱ። ከፈለጉ ስምዎን ይርሱት።»

«እንዳንቺ ልዋሽ?»

«ምኑ ነው ውሸቱ? መነሳት አይችሉ!»

«እሺ በቃ፣ አትጨቅጭቂኝ።»

እማማ ሺኖ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ፍል ውሃ ማረፊያ ቤት፣ የአስተናጋጆች አለቃ ሆነው ነው። ይህን ረሳሁት። ሰውየው «ይቅርታ» ብሎ ሲገባ፣ ይሄ እንኳ ውሸት አይደለም፣ የአልጋውን ብረት ይዘው ወረዱ፤ ተንበርክከው ግንባራቸው ምንጣፉን እስኪነካ እጅ ነሱ። ሻይም ቀዱለት፣ በአንድ እጅ፣ ጠብታ ሳያፈሱ።

«ሽንት ቤት ብቻዎን ይሄዳሉ?»

«እንዴታ!»

«ልብስስ?»

«ምን ችግር አለው!»

«ኧረ ጌታዬ፣ እየዋሹ ነው!» አልኩ።

«አይስሟት። አገር ያወቃት ቀጣፊ ናት።»

ሰውየው ሳቀ። የፖስተኛውን ቆብ ወሬ እሱም ሳይሰማ አልቀረም።

በሩ ሲዘጋ ከተንበረከኩበት መነሳት አቃታቸው። ከሥራቸው ምንጣፉ ረጥቧል። አቅፌ ሳነሳቸው፣

«እንግዳው ሻዩን ጠጣው?» አሉኝ።

«ጠጣው፣ እማማ።»

«ደህና ናቸው» የሚለው ውሳኔ ሲደርሰን ይግባኝ እንበል ብላቸው፣ «ቤቴ የገባ እንግዳ ይከሰሳል?» ብለው እምቢ አሉ።

አሁን የምሄደው በሳምንት አንዴ ነው። ትናንት ስገባ፣ ባለፈው ሳምንት ያለበስኳቸው ልብስ እንዳለ ነበር፤ መዳፋቸውም ይሸታል።

«እማማ፣ በረዶው እኮ ጨረቃን ነካ! እዚያ ላይ ትኖራለች የሚሏት ጥንቸል ተንሸራታ ወርዳ ደጄ ላይ ሩዝ ስትለምን አደረች።»

ጣራ ጣራውን ያያሉ። ቀጣፊ አላሉኝም።

«ነገ ትመጫለሽ?» አሉ።

«እመጣለሁ» ብዬ ዋሸሁ።

እጁ አልተከፈተም።